ጋሼ መኳንንት ከሜዳ አይወጡም

ባለፈው መስከረም፣ በመስቀል ሰሞን፣ ቃሲም ሬድስቶን ሰፈር ያለውን ቤቱን ቆልፎ ኦኮቶክስ በምትባል ትንሽ ከተማ ወደምትኖረው ልጁ ቤት ገባ፤ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የጠረጴዛ ቤዝቦል ቡድኑን ዳይስ የምትጥልለት ፀሐይወርቅ ሆነች። የመታው ስትሮክ ቀኝ እጁን አድክሞታል፣ መኪና መንዳትም ከልክሎታል። አንደበቱን ግን አልነካበትም፤ በስልክ ሲቀልድ የሰማው ሰው ታሟል ብሎ አያምንም።

ከዚያ በፊት ለሃያ ዓመት ያህል ሦስቱ ጓደኛሞች፣ ቃሲም፣ ፋኑኤልና ፀሐይወርቅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ቤዝቦል ሲጫወቱ ኖረዋል። ቤዝቦሉ ሜዳ የሚወጡበት አይደለም፤ ሣጥን ውስጥ የሚኖር፣ በካርድና በየፊታቸው ቁጥር ባለባቸው ሦስት ዳይስ የሚኬድ ነው። ሣጥኑን የገዛው ፋኑኤል ነበር። በዚያን ጊዜ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ቤዝቦል ሲንጫጩ እሱ ብቻውን ሳንድዊቹን እያየ መብላት ሰለቸው፤ አንድ ቀን መንገድ ዳር ዕቃቸውን አውጥተው ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ይህን ሣጥን አየና፣ «የእነዚህን ሰዎች ቋንቋ ከዚህ ውስጥ አገኘው ይሆናል» ብሎ ገዛው። ይዞት የሄደው ግን ወደ መጋዘኑ ሳይሆን ወደ ጋሼ መኳንንት ቤት ነው።

ጋሼ መኳንንት በዚያን ዘመን ከአገር ቤት ለሚመጣ አዲስ ሰው ሁሉ እንደ አባት ነበሩ። ኤርፖርት ወርደው የሚቀበሉ እሳቸው፣ ከቤታቸው ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ የሚያስጠጉ እሳቸው፣ የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል የክረምት ጫማ በሁለት እጃቸው ይዘው በር የሚያንኳኩ እሳቸው። ሦስቱም በየተራቸው ከዚያ ቤዝመንት ኖረው ወጥተዋል። ጨዋታውንም የተማሩት እዚያው ነው፤ መመሪያውን ፀሐይወርቅ እየተረጎመች፣ ቃሲም እየተከራከረ፣ ፋኑኤል ሳይገባው ዳይሱን እየጣለ።

ነገሩ ሲገባቸው ቀላል ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዱ ካርድ አንድ ተጫዋች ነው። አንዱ ወገን ኳስ ወርዋሪ ያሰልፋል፣ ሌላው ወገን በዱላ የሚመታ። ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ከካርዱ ላይ ይፈለጋል፤ ካርዱም የሆነውን ይናገራል፦ ሳተ፣ መታ፣ ተያዘበት፣ አራቱን ማዕዘን ዞሮ ገባ። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው። የባለ ቡድኑ ጥበብ ማን እንዲመታ፣ ማን እንዲወረውር፣ የደከመውንም መቼ እንዲቀይር ማወቁ ላይ ነው። እውነተኛ ቤዝቦል ያዩት ከጠረጴዛው በኋላ ነበር። አንድ በጋ ኦኮቶክስ ወርደው የኳስ ሜዳ ገቡ። ወርዋሪው ኳሱን ይዞ ቆሞ ሲያስብ ጊዜ አለፈ።

«ምን ሆኖ ነው የማይወረውረው?» አለ ፋኑኤል።

«ዝም በል፤ ቁጥሩን ከካርዱ እየፈለገ ነው» አለው ቃሲም። ከፊታቸው የተቀመጡት ሰዎች ሳቃቸውን ሰምተው ዞረው አዩአቸው።

በካርዶቹ ላይ የነበሩትን የፈረንጅ ስሞች መጥራት ስላስቸገራቸው፣ በሁሉም ላይ የሚያውቋቸውን ሰዎች ስም ለጠፉባቸው። የፀሐይወርቅ ፈጣን ሯጭ ምሥራች ተባለች፤ ዩኒቨርሲቲ እያሉ ለምሳ ሰልፍ ሁልጊዜ ቀድማ የምትገኝ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ነበረች። ፋኑኤል ዋነኛ መቺውን በአማቱ በእትዬ ሙሉሸዋ ስም ጠራ። ለምን ቢሉት፣ «ዱላ የሚያምርበት ሌላ ሰው አላውቅም» አለ። ቃሲም ደግሞ ዋናውን ወርዋሪ ጋሼ መኳንንት አለው።

ስሕተቱ ከዚህ ጀመረ። ያ ካርድ እስከ ሰባተኛው ዙር የሚበገር አልነበረም፤ ከሰባተኛው በኋላ ግን ወርዋሪው ይደክማል፤ ካርዱም ድካም በሚያመለክተው ቀይ ዓምድ ይነበባል። በቀዩ ዓምድ ማንም ይመታዋል። ልባም ባለ ቡድን ይህን አይቶ ወርዋሪውን ያስወጣል፣ ትኩስ ያስገባል። ቃሲምም ኪራኮስ የሚባል ትኩስ ወርዋሪ በተጠባባቂነት ተቀምጦለት ነበር። ሊግ ባሉት የሦስቱ ቡድን ውድድር የመጀመሪያ ዓመት ላይ፣ ሰባተኛው ዙር እንዳለቀ ፋኑኤል፣ «በል ቃሴ፣ ጋሼን አውጣቸው፤ ደክሟቸዋል» አለ። ከጥግ ባለው ወንበር ላይ ጋዜጣ ያነቡ የነበሩት እውነተኛው ጋሼ መኳንንት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ማነው እኔን የሚያወጣኝ?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቃሲም ከወንበሩ ተነሥቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ወላሂ ጋሼ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አያስወጣዎትም» ብሎ ማለ። ቃሉንም ጠበቀ። ጋሼን እስከ ዘጠነኛው ዙር ያቆማቸዋል፤ በስምንተኛው ይመቱበታል፤ ይሸነፋል፤ ይስቃል። ጋሼ መኳንንት ካረፉም በኋላ አልተወም። «ሽማግሌ ተነሥ ይባላል እንዴ? እናንተ ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው ያላችሁ?» እያለ ሌሎቹን ይገሥጻቸው ነበር።

ሊጉ የራሱ ወግ ነበረው። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገቡ ሲዝኑ፣ የውድድሩ ወቅት፣ ይቋረጣል። በሲዝን መሀል ከተጋጣሚ ጋር ስለ ቡድን አሰላለፍ አይወራም። ከሁሉ የከበረው ወግ ግን አደራው ነበር። ሥራ ወይም ሕመም ያስቀረው ሰው ለቡድኑ ቃል ይልካል፦ ማን ይቅደም፣ ማን ይወርውር፣ ማን ይተካ። የተገኘው ሰው የራሱን ቡድን እንደ ልቡ፣ የቀረውን ሰው ቡድን ደግሞ በባለቤቱ ቃል ያጫውታል። አንድ ጊዜ ፋኑኤል የቃሲምን አደራ ይዞ ተጫውቶ በገዛ እጁ ራሱን አሸነፈ፤ ከዚያ ስልክ ደውሎ ቃሲምን ሰደበው። ቃሉን ግን አላጎደለም። ቃሉን ማጉደል የሚቻል ነገር መሆኑም በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ማንም አስቦት አያውቅም።

ፀሐይወርቅ አደራ የማታውቅ ሴት አልነበረችም። ስታቲስቲክስ ተምራለች፤ በአንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የአደጋን ዕድል እያሰላች ኖራ ጡረታዋ ሊደርስ ጥቂት ቀርቷታል። ከመናገሯ በፊት ቃሏን ስለምትመዝን ፋኑኤል «እሷን ሰላም ካልሃት መልሱን በፖስታ ጠብቅ» ይላታል። ምናልባት ጥፋቱ ከዚሁ ከማስላቷ የመጣ ይሆናል።

ቃሲም ኦኮቶክስ ከገባ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ አደራውን እንደተሰጣት አድርጋ ተጫወተች። ጋሼ በስምንተኛው ተመቱ፤ የቃሲም ቡድን ተሸነፈ። ደወለችለት።

«ተሸነፍን በይኛ» አላት። ሳቁን ጠበቀች። አልሳቀም። «ምን ይደረግ፤ የደከመ ሰው ነገር እንደዚህ ነው» አለና ስልኩን ዘጋ።

ያ ድምፅ ሳምንቱን ሙሉ አብሯት ከረመ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የቃሲም ቡድን የሚገጥመው የራሷን ቡድን ስለነበር ጠረጴዛው ላይ ብቻዋን ናት፤ ሁለቱንም ወገን የምትጥለው እሷ። ሰባተኛው ዙር አለቀ። የቃሲም ቡድን በአንድ ነጥብ ይመራል። ቃሉ ግልጽ ነበር፤ ጠዋት በስልክ፣ «ጋሼን እስከ መጨረሻው» ብሏታል። ፀሐይወርቅ ቀዩን ዓምድ አየች። ስሌቱን ሳትፈልገው ሠራችው። ከዚያ የጋሼን ካርድ በሁለት ጣቷ አንሥታ ወደ ጎን አኖረች፤ ኪራኮስን አስገባች። «ይቅርታ ጋሼ» አለች ለካርዱ፤ ከካርድ ጋር በመነጋገሯም በራሷ ፈገግ አለች።

የቃሲም ቡድን አሸነፈ።

«ጋሼ እስከ መጨረሻው ወረወሩ» አለችው በስልክ። ቃል መዝና የምትናገረው ሴት ያንን ዓረፍተ ነገር ሳትመዝን ለቀቀችው።

«አትዪኝ!»

«በዘጠነኛው ሦስቱንም መቺዎች ተራ በተራ ጣሏቸው።»

«አላልኳችሁም? ሃያ ዓመት ሙሉ አላልኳችሁም? ሱንዱስ! ነይ ስሚ!» ከስልኩ ማዶ ልጁን ሲጠራ፣ ከዘራው ወለሉን ሲመታ ሰማች። ደስ አላት። ደስታው ከልቧ መሆኑ ነው በኋላ ይበልጥ ያሳፈራት።

በሦስተኛው ሳምንት ተጋጣሚው ፋኑኤል ነበር፤ ብቻዋን አልነበረችምና ውሸቱን በአፏ ማለት ግድ ሆነባት። «ቃሲም ኪራኮስን አስገቢ ብሏል» አለች፣ ዓይኖቿን ከካርዶቹ ሳታነሣ።

ፋኑኤል ዳይሱን እንደያዘ ቀረ። «ጋሼን አስወጣ? ቃሴ? ወይ በሽታ! ይህን ልብ እንኳ አለዘበው በይኛ።» የቃሲም ቡድን ካሸነፈው በኋላም፣ ሲሸነፍ ማኩረፍ የሚወድ ሰው ሳለ፣ አላኮረፈም። «ለጤናው ጥሩ ምልክት ነው» ብሎ ሄደ።

እንግዲህ ለአንዱ፣ ጋሼ አልወጡም፤ ለሌላው፣ ቃሲም አስወጣቸው። በሲዝን መሀል ከተጋጣሚ ጋር ስለ ቡድን አይወራም የሚለው የሊጉ ወግ ሁለቱን ውሸቶች ለየብቻ ያዘላት። ክረምቱ ገፋ፤ በረዶው መጣና ሄደ፤ የቃሲም ቡድን እያሸነፈ ቀጠለ። ፀሐይወርቅ ራሷን የምታጽናናበት አንድ ነገር ነበራት፦ ከመጣል በቀር ዳይሱን አንድም ጊዜ አልነካሁም ትላለች። ቁጥሩ የወጣው እንደወጣ ነው። ይህ እውነት ነበር። እውነትነቱ ግን በየሳምንቱ እየቀጠነባት ሄደ። ቃሲም በስልክ፣ «ለሱንዱስ ነግሬያታለሁ፤ አርጅቷል ብለው የሚያስወጡት ሰው ዘጠኝ ዙር ይወረውራል፤ እኔም ወደ ቤቴ እመለሳለሁ ብያታለሁ» ሲላት፣ «ጥሩ ነው» አለችው።

ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ስለሚገቡ የዋንጫው ጨዋታ ለቅበላ ቅዳሜ ተቀጠረ፤ ቃሲም ከፋኑኤል። ቃሲም መምጣት ስለማይችል ጨዋታው ኦኮቶክስ ይሁን ተባለ። የዚያ ሳምንት ረቡዕ ሱንዱስ ደወለች።

«እትዬ ፀሐይ፣ ሶሪ፣ ሥራ ላይ ነዎት? አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። የአባዬን ቤት የሚከራይ ሰው አግኝቻለሁ፤ ከማርች ጀምሮ መግባት ይፈልጋል። አባዬ ደግሞ እመለሳለሁ ይላል፤ ብቻውን። እኔ እፈራለሁ። ዶክተሩ፣ ውሳኔ ሲሰጥ ዎች አድርጊው፣ ተከታተዪው፣ ፕላን ማድረግ ይችላል ወይ፣ ብሎኛል። እና እኔ ጌሙን አየሁ። ዩ ኖው፣ ሁልጊዜ ዊን እያደረገ ነው። ፕላን ያደርጋል፣ እንዳለው ይሆናል። ስለዚህ ሜይቢ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ፀሐይወርቅ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረችው።

«ከእሱ ጋር የሚጫወቱት እርስዎ ነዎት። ጭንቅላቱ ደኅና ነው፣ ይችላል ካሉኝ፣ ቤቱን አላከራየውም። ኦነስትሊ ይንገሩኝ።»

«ቅዳሜ ስመጣ እነግርሻለሁ» አለች ፀሐይወርቅ።

እስከ ቅዳሜ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አየችው። ይችላል ብትል፣ ምስክሯ የራሷ የእጅ ሥራ ነው፤ ሰውየውን ባላሸነፈው ድል አስደግፋ ብቻውን ወደ ባዶ ቤት መላክ ነው። እውነቱን ብትናገር ደግሞ፣ በራሱ ቃል ቢሆን ኖሮ ሲሸነፍ ይከርም እንደነበር ሱንዱስ ትሰማለች፤ ሰምታም ሐሳቡ ተዛብቷል ትላለች፤ ቤቱም ይከራያል። ሸክሙን ያቃለለችለት የመሰላትን ሰው በገዛ እጇ ከቤቱ ደጃፍ ውጭ እንዳስቀረችው ገባት። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ። ይህን ተረት ስትሰማ ያደገችው ስለ ሌላ ሰው የተነገረ አድርጋ ነበር።

ቅዳሜ ፋኑኤል በመኪናው ይዟት ሄደ። ሞቃቱ የቺኑክ ነፋስ በረዶውን አቅልጦት መንገዱ በውኃ ይፈሳል። ልትነግረው ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች። በመጀመሪያው ስልክ ተደወለለት። በሁለተኛው፣ «ዛሬስ አማቴ እትዬ ሙሉሸዋ ቃሴን ካልደበደቡልኝ ቤት አላስገባቸውም» ብሎ እየሳቀ መሪውን ሲመታ፣ አፏን መልሳ ዘጋችው።

ቃሲም በከዘራው ተደግፎ በር ላይ ጠበቃቸው። ከስቷል፤ ጢሙ ግን እንደ ወትሮው ተከርክሟል።

«መጣህ አንተ ተሸናፊ?»

«ቤትህ ድረስ መጥቼ ላለቅስልህ ነው» አለው ፋኑኤል አቅፎት።

ሱንዱስ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የሚስማማ ነገር ብላ ዓሣ ጠብሳ ነበር። በሉ። ሻይ ስታቀርብ ለእንግዶቹ እስከ አፉ ሞልታ፣ ለአባቷ ግን ስኒውን እስከ ግማሽ ብቻ ቀድታ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ጨምራ ሰጠችው። ቃሲም ስኒውን አይቶ አልነካውም። ፀሐይወርቅ ሳህኖቹን ይዛ ወደ ማድቤት ስትገባ ሱንዱስ ተከተለቻት።

«እትዬ ፀሐይ፣ አሰቡበት?»

«ጨዋታው ይለቅ» አለች ፀሐይወርቅ። ቀና ብላ አላየቻትም።

ቃሲም ዳይሱን በግራ እጁ ጣለ። መጀመሪያ ላይ ዳይሱ ከጠረጴዛው እየዘለለ ወለል ላይ ይንከባለላል።

«ልጣልልህ አባዬ?»

«ቁጭ በይ። ወለል ላይ የወደቀ እንደገና ይጣላል፤ የሊጉ ሕግ ነው።»

ፀሐይወርቅ ካርድ አንባቢ ሆና በመሀል ተቀመጠች። ጨዋታው ደስ የሚል ነበር፤ እንደ ድሮው። ፋኑኤል ቁጥር ሲበላሽበት ዳይሱን ይቆጣል፤ ቃሲም አንድ ሰው መትቶ በሮጠለት ቁጥር «ማሻአላህ፣ የእናቱን ወተት የጠጣ!» ይላል። ጋሼ መኳንንት ሰባት ዙር አሳምረው ወረወሩ። ቃሲም በሁለት ነጥብ እየመራ ሰባተኛው አለቀ።

«በል እንግዲህ» አለ ፋኑኤል፣ ወደ ኋላ ተደግፎ። «እንደ ልማድህ ጋሼን አውጣና ያንን ኪራኮስህን አምጣው። ለእሱ ተዘጋጅቼ መጥቻለሁ።»

«እንደ ልማዴ?» አለ ቃሲም።

«አዎና! ክረምቱን ሙሉ በእሱ አይደል እንዴ የፈጀኸኝ? እውነት ለመናገር አደነቅሁህ። ጋሼን በሰባተኛው ማስወጣት ለአንተ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

የፀሐይወርቅ እጅ ካርዱ ላይ እንደነበረ ቀረ። ቃሲም ፋኑኤልን አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ብታይ ይሻላት ነበር። ያየችው ግን፣ አንድ ሰው ኪሱን ዳብሶ የያዘው ነገር አለመኖሩን ሲያውቅ የሚያሳየውን ዓይነት ፊት ነበር።

«የዐስር ሶላት ደርሷል» አለ ቃሲም። «ሰግጄ ልምጣ።»

ሱንዱስ ደግፋው ወደ መኝታ ክፍሉ ወሰደችው። ፋኑኤልም ለሚስቱ ሊደውል ወደ ደጅ ወጣ። ፀሐይወርቅ ከካርዶቹ ጋር ብቻዋን ቀረች፤ በግድግዳው ማዶ ቃሲም ተቀምጦ ሲሰግድ «አላሁ አክበር» የሚለው ድምፁ ዝቅ ብሎ ይሰማታል።

ቃሲም ተመልሶ ሲመጣ ብቻውን ነበር። ወንበሩ ላይ እስኪደላደል ድረስ ቆየች።

«ስንቴ?» አላት።

«ከመጀመሪያዋ ቅዳሜ በቀር ሁሌም።»

«ዳይሱንስ?»

«ማርያምን፣ ዳይሱን አልነካሁም።»

«አምንሻለሁ። ብትነኪው ይሻል ነበር።» ድምፁን አላነሣም። «ዳይሱ የአላህ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ ነበር።»

«ያን ቀን በስልክ… ተሸነፍን ስትል ድምፅህን ሰማሁት። እንደዚያ ሆነህ አላውቅም። መሸነፉ የከበደህ መሰለኝ።»

ቃሲም ጫማውን ቁልቁል አየ። «ስትደውዪ ሱንዱስ እግሬ ሥር ተንበርክካ የጫማዬን ክር እያሰረችልኝ ነበር። እኔ ጨዋታው ትዝም አላለኝ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ላይ ነበር፤ መዘነችው፤ ቀለለባት፤ ተወችው።

«ክረምቱን ሙሉ ጋሼ ወረወሩ ብዬ ለሰው አወራሁ» አለ ቃሲም። «መስጊድ ሳይቀር።»

በሩ ተከፈተ፤ ፋኑኤል እጁን እያፋተገ ገባ። «እ? ማን ነው የሚወረውረው?»

«ጋሼ ይቀጥላሉ» አለ ቃሲም።

«እውነትህን ነው? ኧረ ተው! እግዜር ይስጥህ!» ፋኑኤል ወንበሩን ሳበ፣ ዳይሱን በሁለት እጁ ውስጥ አንቀጫቀጨ። የመጀመሪያው መቺ መትቶ ማዕዘን ያዘ። ሁለተኛው ተያዘበት። ሦስተኛው መታ፣ እሱም ማዕዘን ያዘ። ተራው የሙሉሸዋ ሆነ። ዳይሱ ተንከባሎ ቆመ። ፀሐይወርቅ ቁጥሩን አየች፤ ጣቷን በቀዩ ዓምድ ላይ ቁልቁል አወረደች፤ ያገኘችውንም እንደተጻፈ አነበበች፦

«መታች። አራቱን ማዕዘን ዞራ ገባች። ከፊቷ ያሉት ሁለቱም ገብተዋል።»

ፋኑኤል ከመቀመጫው ዘለለ። «እትዬ ሙሉሸዋ! እትዬ ሙሉሸዋ! ዱላዎ ይባረክ!»

ቃሲም የጋሼን ካርድ አየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ያ የድሮው፣ የቤዝመንቱ ሳቅ፣ ሳል የሚቀላቀለውና እንባ የሚያመጣው። «ጋሼ» አለ በሳቁ መሀል፣ «ጋሼ፣ አሁንም በአማቱ ተደበደቡልኝ!» ዘጠነኛው ዙር ሲያልቅ ዋንጫው የፋኑኤል ነበር፤ ቃሲም ግን ገና ዓይኑን እየጠረገ ነው። ሱንዱስ ድምፁን ሰምታ እየሮጠች መጣች።

«አባዬ! ዊን አደረግህ?»

«ተሸነፍኩ!» አላት፣ አሁንም እየሳቀ።

ሱንዱስ ግራ ገብቷት ወደ ፀሐይወርቅ ተመለከተች። ፀሐይወርቅ ተነሥታ ቆመች።

«ሱንዱስ፣ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ክረምቱን ሙሉ ያሸነፈው አባትሽ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ጋሼን እንዳላስወጣ የሰጠኝን ቃል እየጣስኩ አስወጣኋቸው፤ ለእሱ አንድ ነገር፣ ለፋኑኤል ሌላ ነገር ተናገርኩ። በቃሉ ተጫውቼለት ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ይሸነፍ ነበር። ይህን ግን እወቂ፤ ዛሬ በተሸነፈበት ዙር፣ ዛሬ በተሸነፈበት ምክንያት፣ ደኅና ሆኖ በኖረበት ሃያ ዓመትም ሲሸነፍ አይቼዋለሁ። ሐሳቡ ያው የድሮው ነው። ከዚህ በላይ ስለ እሱ ለመመስከር መብት የለኝም።»

ፋኑኤል ከደስታው ገና አልወረደም ነበር፤ ቀስ በቀስ ወረደ።

«ማለት… ኪራኮስን አስገቢ ብሏል ያልሽኝ…» ጀመረና ተወው። ጎንበስ ብሎ ዳይሱን አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ለቀመ፤ ወደ ሣጥኑ ሲከት እሷን እንዳያይ ተጠንቅቆ ነበር።

ሱንዱስ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ሰውየው ለቤቱ መልስ እየጠበቀኝ ነው። ምን ልበለው?»

ቃሲም የጋሼ መኳንንትን ካርድ በግራ እጁ አነሣ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስተካክሎ በሸሚዙ ኪስ ውስጥ ለማስገባት ጊዜ ወሰደበት። ማንም አልረዳውም።

«ቤቴን አላከራይም በዪው» አለ። «ሰኞ ወደ ሬድስቶን እመለሳለሁ። ከዒድና ከፋሲካ በኋላ ሲዝኑ የሚጀመረውም እዚያ፣ እኔ ቤት ነው፤ ዳይሱን ራሴ እጥላለሁ። የማልገኝበት ቀን ቢኖር፣ አደራዬን የሚይዘው ፋኑኤል ነው።»